በአመዳይ ላይ የቀረው መስመር

ክረምት ብርድ ነው፣ በጋ ሙቀት ነው ይባላል። ስህተት ነው። ክረምት ጭቃ ነው። ብርድ የሚመጣው ሰማዩ ከጠራ በኋላ፣ በጋው ሲጠና፣ በታህሳስ ነው። ይህን የማያምን ሰው ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መንዝ ውስጥ ጓሳ ሜዳ ላይ ይቁምና እጁን ከኪሱ ያውጣ።

የተነሳሁበትም ምክንያት ይኸው ክርክር ነው። አንድ የፎቶ ወዳጄ ውጭ አገር ሰንብቶ የበረዶ ተራሮች ፎቶ ይዞ መጣ። ፎቶዎቹ ጥሩ ናቸው፤ ያናደደኝ አነጋገሩ ነው። ማኪያቶውን እያማሰለ "እኛ አገር ለፎቶ አንሺ ነጭ ቀለም የለም" አለ። በጥር መጨረሻ ስድስት ሆነን ሥራችንን የምናሳይበት ትንሽ ዐውደ ርእይ ነበረን። "አንድ ግድግዳ ባዶ ተውልኝ፤ ነጩን እኔ አመጣዋለሁ" አልኩት። አንድ ነቁጥ የሌለበት፣ ከዳር እስከ ዳር አመዳይ የለበሰ የመንዝ ተዳፋት። በሃምሳ ሦስት ዓመት ዕድሜ እንዲህ አይፎከርም። እኔ ግን ፎከርኩ።

አርብ፣ ከአዲስ አበባ እስከ መሐል ሜዳ

መንገዱ ክፍት መሆኑን ከሦስት ሰው ከጠየቅን በኋላ ጎህ ሳይቀድ ወጣን። ሾፌሬ ተካ ይባላል፤ መኪናው አሮጌ ፒካፕ ናት፤ የሁለቱም ዕድሜ ተቀራራቢ ነው። ተካ ስለ ሁሉም ነገር አስተያየት አለው፤ ስለ ፍሬኑ ብቻ መናገር አይወድም።

ደብረ ብርሃን ላይ ሁለት ሰዓት ገደማ ሽሮ በላን። የገና ጾም ስለሆነ ምርጫው ሽሮ ወይም ሽሮ ነበር። አስተናጋጇ ሁለት ሹራብ ደርባ "ዘንድሮ ብርዱ ቀላል ነው" አለችን። ደብረ ብርሃን ቀዝቃዛ ከተማ ናት የሚሉ ሰዎች ከበረንዳው ቆመው ስለ ሳሎኑ የሚያወሩ ናቸው። በረንዳው ይህ ነው፤ ሳሎኑ መንዝ ነው።

ጣርማ በር ላይ ወደ ግራ ታጠፍን። ከዚያ በኋላ መንገዱ አንዴ አስፋልት፣ አንዴ ፒስታ ይሆናል። በቀኝ በኩል ደግሞ መሬቱ በድንገት ያልቃል። ከታች የይፋት ቆላ በጉም ውስጥ ተኝቷል፤ እላይ እኛ ፀሐይ ላይ ነን፣ ግን ፀሐይቱ ታበራለች እንጂ አታሞቅም። ተካ መኪናውን አቁሞ ገደሉን አየና "ይህን ሁሉ እግዚአብሔር በአንድ ቀን ከሠራው፣ እኛ ይቺን መንገድ ስንት ዓመት ፈጀብን" አለ። 

ሞላሌ ገበያ ላይ ወረድን። የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ዝተት የሚሉትን፣ ደርድረው ከተቀመጡት ሴቶች ወደ አንዷ ጠጋ አልኩ። ሸምገል ያሉ ናቸው።

"ይሄ ስንት ነው፣ እናቴ?"

"ለልጅዎ ነው ለእርስዎ?"

"ለእኔ።"

"እንግዲያው ወፍራሙን ይውሰዱ። እርጅና ብርድ ይጠራል።"

ወፍራሙን በሁለት ሺህ ሦስት መቶ ብር ወሰድኩ። ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ። ወደ ጓሳ ስላቸው ፊታቸው ኮስተር አለ። "ሣሩ ገና አልተከፈተም። ገና ካለፈ በኋላ ነው የሚባለው።"

ነገሩ እንዲህ ነው። የጓሳ ሣር የጋራ ነው። የአገሩ ሰው ለዓመታት ይዘጋዋል፤ አይታጨድም፣ አይጋጥም፣ አይረገጥም። ሲደርስ ሽማግሌዎች ቀን ቆርጠው ይከፍቱታል፣ ያኔ እያንዳንዱ ቤት ለጣሪያውና ለገመዱ ድርሻውን ያጭዳል። ከቀኑ በፊት ያጨደ ሰው ድርሻውን ያጣል፤ ስሙም አብሮ ይሄዳል። ይህ ደንብ በየመሥሪያ ቤቱ ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ ከሚለጠፈው ወረቀት ሁሉ ይቀድማል፤ ከወረቀቱ ሁሉ ይልቅም ይሠራል።

"ሰው ይዘው ይግቡ" አሉኝ ሴትዮዋ። "ሣሩ ባለቤት አለው።"

"ልበላው አይደለም፣ እናቴ። ላየው ነው።"

"ማየትም በእግር ነው" አሉ ብሬን እየቆጠሩ።

እኔ መሪ ይዤ አልሄድም። መሪ የሚያሳየው ሌላው ሰው ያየውን ነው የሚል አቋም አለኝ፤ ስለዚህም ጉዳይ ሁለት ጊዜ ጽፌያለሁ። በማግስቱ ይህ አቋም እግር አውጥቶ ሣሩ ውስጥ አስገባኝ።

ቅዳሜ፣ ጓሳ

መሐል ሜዳ አድረን፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነስተን፣ ሰማዩ ሲገረጣ ጓሳ ደረስን። ተካ ዝተቴን ተከናንቦ መኪናው ውስጥ ቀረ። እኔ ካሜራዬንና መቆሚያውን ይዤ ወጣሁ።

አመዳዩን ለመግለጽ አልቸገርም፤ ለዚህ ነው የተወለድኩት። ሣሩ ጉልበት ድረስ ይደርሳል፤ እያንዳንዱ ቅጠል ለብቻው ነጥቷል። ጅብራዎቹ፣ እነዚያ ከሰው የሚረዝሙ ተክሎች፣ እንደ ዘብ ቆመው ትከሻቸው ላይ ዱቄት የተነሰነሰባቸው ይመስላሉ። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ከገደሉ አፋፍ ላይ ጀርባቸውን ለእኔ ሰጥተው ፀሐይ ይጠብቃሉ። በሰሜን የግሼ ተራሮች አንዱ ካንዱ ጀርባ እየሳሳ ይሄዳል። ይህንን የትም አገር አላየሁም፤ ብዙ አገር ደግሞ አይቻለሁ። ወዳጄ አጠገቤ ቢኖር ኖሮ ማኪያቶውን አፈስበት ነበር።

የመጀመሪያው ባትሪ በሦስት ደቂቃ ሞተ፤ ብርዱ በላው። ሁለተኛውን ብብቴ ውስጥ አሞቅሁና ፀሐይ የሸንተረሩን ጫፍ ስትነካ ሦስት ጊዜ አነሳሁ። ፎቶው እንደተመኘሁት ነበር፣ ከአንድ ነገር በቀር። ከተዳፋቱ መሐል ትንሽ የተላጨ ቦታ አለ፣ ፀጉር አስተካካይ ጀምሮ እንደተወው ራስ። ከዚያች ቦታ አንድ ጥቁር መስመር ወደ ላይ ወጥቶ በሸንተረሩ ያልፋል። የሆነ ፍጡር አመዳዩን እያረገፈ ሄዷል። ረገምኩት።

ሌላ ማዕዘን ለመፈለግ ከመንገዱ ወጥቼ ወደ ሣሩ ገባሁ፣ እስከ ተላጨችው ቦታ ድረስ። ጥቂት ፎቶ አነሳሁ። ጣቶቼ መታዘዝ አቆሙ። ቁልቁል ሳይ ጭስ የሚወጣበት ክብ የድንጋይ ቤት አየሁ። ሳልዞር ሣሩን ሰንጥቄ ወረድኩ።

የቤቱ ባለቤት ደምሴ ይባላሉ። ስልሳ ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ አነጋገራቸው ቁጥብ። ገብስ ከተወቃበት አውድማ ላይ ጭድ እየሰበሰቡ ነበር። ወደ ቤት አስገቡኝና እሳት ዳር አስቀመጡኝ። ባለቤታቸው እትዬ ወርቄ በሶ በጥብጠው ሰጡኝ፤ ከዚያ ጠላ።

"ከየት ብቅ አሉ?" አሉ ደምሴ።

"ከላይ፣ ከተራራው።"

ጫማዬን አዩ። የሣር ፍሬና ውሃ ነበረበት። "በሣሩ ውስጥ?"

"አጭር መስሎኝ ነው፣ ጋሽ ደምሴ።"

"ለእግር አጭር ነው" አሉና ሌላ አልጨመሩም።

ቀና ስል የጣሪያው ግማሽ ሣር የለውም፤ ሸራ ተወጥሮበታል። ለምን ቆርቆሮ እንደማያለብሱት ጠየቅሁ።

"ቆርቆሮ ቀን ያበስላል፣ ሌሊት ያደርቃል። ልጄን በጥር ማለቂያ ነው የምድራት። ሣሩ ሲከፈት በድርሻዬ እከድነዋለሁ። የሰው አማች ጠርቼ ቆርቆሮ ስር አላንቀጠቅጥም።"

"እስከዚያው እኛን ሸራ ስር ያንቀጠቅጠናል" አሉ እትዬ ወርቄ። "አማች ይከበር፣ ሚስት ትንቀጥቀጥ።"

ደምሴ ሳቁ። እትዬ ወርቄ ወደ ካሜራው ዞረው እነሱን እንደማነሳ ጠየቁኝ። እኔ የማነሳው መልክዓ ምድር ብቻ እንደሆነ ነገርኳቸው።

"መሬቱን ባዶውን?"

"ባዶውን።"

"ሰው የሌለበት መሬት ምን ያወራዎታል?"

መልስ ነበረኝ፣ ረጅምም ነበር። ግን ጠላው ጥሩ ስለነበር ተውኩት። መኪናውን አዙሮ የደረሰው ተካ ከታች መንገድ ላይ ጥሩምባ ሲነፋ አመስግኜ ወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ መሐል ሜዳ ሆቴሉ ውስጥ ላፕቶፔን ከፍቼ ሠራሁ። መስመሩን አጠፋሁት። የተላጨችውንም ቦታ ሣር አለበስኳት። የቀረው ነጭ ብቻ ነው። ተካን ጠርቼ አሳየሁት።

"መስመሩስ?" አለ።

"አጠፋሁት።"

"ተራራው ላይ ግን ነበረ።"

"ተራራው ላይም በሦስት ሰዓት ፀሐይ አጥፍታዋለች። እኔ ቀደምኳት እንጂ ምን አደረግሁ?"

በዚህች መልስ ኮርቼ ተኛሁ።

እሑድ፣ የደብሩ ቅጥር

ሌላ ፎቶ ለማንሳት ስንመለስ የጓሳ ጠባቂ መንገድ ላይ አስቆመን። ጌጡ ይባላል፤ አርባ ገደማ ይሆነዋል፤ በርኖስ ለብሶ ዱላ ይዟል። ወደ ሣሩ እንዳንገባ አስጠነቀቀን፣ ምክንያቱንም ነገረን። አርብ ለቅዳሜ አጥቢያ ሰው ገብቶ አጭዷል። ጠዋት ሲደርስ ከታጨደው ቦታ ተነስቶ በአመዳዩ ላይ የወረደ ዱካ አግኝቷል። ዱካው የቆመው ደምሴ ደጅ ነው።

"አመዳይ ባለበት ሌባ አይሰወርም" አለ። "እኛ የምንዞረውም ለዚህ ነው፣ ፀሐይ ሳትወጣ።"

"ደምሴ ምን አሉ?" አልኩት።

"የእኔ አይደለም አለ። የማን ነው ሲባል ዝም። ጣሪያው ክፍት ነው፣ ሠርግ ደርሶበታል፣ ዱካው ደጁ ቆሟል። ዝም ካለ ምን ይባላል? ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌ ይቀመጣል። ድርሻውን ያጣል።"

ጌጡ ሲያልፍ ተካ መሪውን ይዞ ወደፊት ብቻ ተመለከተ። "ዱካው የእርስዎ ነው አይደል፣ ጋሼ?"

"የእኔ ነው።"

"ያለ ፈቃድ ገብተዋል።"

"ገብቻለሁ።"

"እንግዲህ ወይ በዚህ ነው አዲስ አበባ፣ ወይ በዚያ ነው ቤተ ክርስቲያኑ። ነዳጁ ለሁለቱም ይበቃል።"

ስለ እውነት የጻፍኩት ብዙ ነው። ሆኖም ለአንድ ደቂቃ ያህል ወደ አዲስ አበባ የሚሄደውን መንገድ እንዳየሁት መካድ አልችልም። ከዚያ የእትዬ ወርቄን በሶ አስታወስኩ፤ ተካን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ንዳ አልኩት።

ሽማግሌዎቹ ከደብሩ ቅጥር ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። መሐል ያሉት አባ ወልዴ ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው አልደከመም። ደምሴ ጋቢያቸውን አጣፍተው ቆመዋል። እኔን ሲያዩ ፊታቸውን አዞሩ። ቀርቤ ተናገርኩ። ወደ ደምሴ ቤት የወረደው ዱካ የእኔ ነው፣ ሣሩን ግን እኔ አላጨድኩም፣ የአጫጁ ዱካ ወደ ላይ ነው የሄደው፣ ፎቶ አለኝ አልኩ።

"አሳይ፣ ልጄ" አሉ አባ ወልዴ።

በችኮላ የከፈትኩት ላፕቶፑን ነው። ጌጡ ጎንበስ ብሎ አየና ቀና አለ። "ንጹሕ ነው። ዱካ የለም።"

"የታጨደውስ?" አሉት አባ ወልዴ።

"እሱም የለም።"

"እንግዲያው ምንም አልተሰረቀማ" አሉ አባ ወልዴ፤ ሰዉ ሳቀ። እኔ ፊቴ ጋለ። ፎቶው እንዲያምር ብዬ እንዳጠፋሁት ተናገርኩ። በሕይወቴ ከተናገርኳቸው ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ እንደዚያች ያነሰች የለችም።

ያልተነካው ፎቶ ግን ካሜራው ውስጥ ነበር። ጌጡ ሰዓቱን አነበበ። "ስድስት ሰዓት ከአርባ አንድ ይላል።"

"ስድስት ሰዓት ላይ አመዳይ የታየው በማን ዘመን ነው?" አሉ አንዱ ሽማግሌ።

"የፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ አባቴ" አለ ተካ ከኋላ። "ስድስት ይጨመርበት። ጋሼ ሁሉንም ነገር የሚቆጥሩት እንደ ፈረንጅ ነው።"

ከዚያ ጌጡ ምስሉን አቅርቦ አየ፤ ለረጅም ጊዜ። እኔ ሠላሳ ዓመት ፎቶ ሳነብ ኖሬያለሁ፤ እንደሱ የሚያነብ አላየሁም። "ፀሐይ ገና ጫፉን ነው የነካችው" አለ። "ሣሩ ታጭዷል። ዱካው ጥቁር ነው፤ አመዳይ ከወረደ በኋላ የተረገጠ ነው። ወደ ላይ ይወጣል። ወደ ደምሴ የሚወርድ ግን ገና የለም። እኔ ስደርስ የላዩን ፀሐይ በልታው ነበር። ጥላ ውስጥ የቀረችውን የታቿን ብቻ ነው ያየሁት።" ዱላውን አጋደመ። "ደምሴን የያዝነው በዱካው ነው። ዱካው ባለቤት ካገኘ ደምሴ ነፃ ነው።"

አባ ወልዴ ወደ ደምሴ ዞሩ። "ለምን አልተናገርክም?"

"እቤቴ ገብቶ በሶዬን የጠጣ እንግዳ ነው። አሳልፌ አልሰጥም። ራሱ ይናገር ብዬ ነው።"

"ባይመለስስ?"

"ያኔ የሚያፍረው እኔ አይደለሁም።"

ጉዳዩ በዚህ ያለቀ መስሎኝ ካሜራዬን ማንገት ጀመርኩ። አባ ወልዴ እጃቸውን አነሱ። "ያንተ ገና ነው፣ ልጄ። እንግዳ ነው ብለን ብንተውህ ነገ የጎረቤት ልጅም እንግዳ ነኝ ይላል።" ጥቂት ተንሾካሾኩ። ፍርዱ ይህ ነበር፦ ሰኞ ከጎህ በፊት ከጌጡ ጋር ዙሩን በእግር እዞራለሁ፤ የተዘጋው ሣር ጠርዙ የት እንደሆነ እግሬ ይማራል። ካሜራው እሳቸው ጋር ይቆያል።

ሰኞ፣ ዙር

ሰኞ ጠዋት የወረደው አመዳይ ከቅዳሜው የበለጠ ነበር። ተዳፋቱ ከዳር እስከ ዳር ነጣ። አንድ ዱካ የለም፣ አንድ ነቁጥ የለም። የመጣሁለት ፎቶ ይኸው ነበር፣ ፊቴ ተዘርግቶ፣ እጄ ግን ባዶ ነው። ጌጡ ገባው መሰለኝ ቆመልኝ።

"እንዲህ ንጹሕ ሲሆን ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ?" አለ።

"ምን ማለት ነው?"

"ትናንት ማንም አልገባም ማለት ነው።"

እስከ አራት ሰዓት ተጓዝን። ጠርዙ ላይ አጥር የለም፣ ምልክት የለም። ጌጡ ግን አንድ እርምጃ አልሳተም፤ እኔ ሁለት ጊዜ ስስት በዱላው ጫማዬን መታ አደረገው። የላዩ ዱካ የማን እንደሆነ እንደሚታወቅ ነገረኝ፤ ስሙን አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ቀይ ቀበሮ ከሩቅ ቆሞ አየን። ከዚያም እንደማንረባ ወስኖ ሥራውን ቀጠለ።

ካሜራዬን ተቀብዬ ከመሄዴ በፊት ደምሴ ቤት ወረድኩ፤ በዚህ ጊዜ በመንገዱ። ባልና ሚስቱን ግማሽ ጣሪያቸው ስር አቁሜ አነሳኋቸው። እትዬ ወርቄ "መሬቱ ጠፋበት እንዴ?" አሉ ለባለቤታቸው። ደምሴ ከሠርጉ እንዳልቀር ነገሩኝ፤ አጥብቀው ግን "በዋናው መንገድ ይምጡ" አሉ።

አዲስ አበባ

ማክሰኞ ማታ ገባሁ። በጥር መጨረሻ ግድግዳው ላይ የሰቀልኩት ያልተነካውን ፎቶ ነው፣ ከነተላጨው ቦታ፣ ከነጥቁሩ መስመር። ወዳጄ ከፊቱ ቆሞ "ነጩ ግሩም ነው፤ ይቺን መስመር ግን ብታጠፋት" አለ። "አጥፍቻት አውቃለሁ" አልኩት። ከጎኑ የደምሴንና የእትዬ ወርቄን ፎቶ ሰቅያለሁ፤ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ግድግዳ ላይ ያወጣሁት የመጀመሪያ የሰው ፎቶ ነው። ነጭ ቀለም አለን። ከዚያ የሚበልጠው ግን ነጩን ነጭ አድርጎ የሚያቆይ ሕዝብ ያለን መሆኑ ነው። በዚህ እኮራለሁ፤ በራሴ የምኮራው ቀንሷል።

አንባቢ ሆይ፣ አንድ ነገር እጠይቅሃለሁ። ጓሳ ስትሄድ በመንገዱ ሂድ። ከመንገዱ ከወጣህ ግን ሳትናገር ወደ ቤትህ አትመለስ።